ለአንዷ የታዘዘ ጠብታ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ራሷን ያዞራት ሴት ጤና ጣቢያ ከመሄዷ በፊት ሐምዲያ ቤት ትሄድ ነበር። ሐምዲያ ጨርቅ ነጋዴ እንጂ ሐኪም አይደለችም። ከዓመታት በፊት የደም ግፊቷ እየወረደ ሲጥላት፣ ግፊት ከፍ የሚያደርግ ጠብታ ታዝዞላት ነበር። መድኃኒቱ ከየፋርማሲው ከጠፋ ቆይቷል፤ ለእሷ ግን ወንድሟ ባሽር ከጅዳ ይልክላታል። ሌላው የማያገኘው ነገር እጇ ላይ ስላለ ኮራችበት፤ ላዞራት ሁሉ ትሰጥም ነበር። ኮምቦልቻ ያለ ፋርማሲስት ብልቃጡን አይቶ፣ "ይሄ ግፊት ሳይለካ አይወሰድም፤ ለሰው እንዳይሰጡ" ቢላት፣ "ቆላ ተቀምጦ ስለ ደሴ ሰው ምን ያውቃል?" እያለች መሳቂያ አደረገችው።

በ1996 ዓ.ም. ሁዳዴ፣ ጎረቤቷ አረጋሽ ግድግዳ እየተደገፈች መጣች። ሁለቱ ልጆቻቸውን አንድ ግቢ ያሳደጉ ናቸው።

"ሐምዲዬ፣ ምድሩ ይዞርብኛል። ማጅራቴንም ጨምድዶ ይዞኛል።"

"ሆድሽን ባዶ እያዋልሽው ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው? ግፊትሽ ወርዶ ነው። እኔንም ረመዳን ላይ እንዲሁ ያደርገኛል።"

"ጤና ጣቢያ ሄጄ ልለካ ብዬ ነበር።"

"ሂጂ ተሰለፊ እንግዲያ። ዓይኔ እያየሽ የምን መለካት ነው? ቁጭ በይ።"

"ዘጠኝ ሰዓት እኮ አልሆነም፤ ጾም ነኝ።"

"ንስሐ አባትሽን እኔ አስፈቅድልሻለሁ። ከኔ ጋር ይግባባሉ።"

አረጋሽ ሳቀች፤ አፏንም ከፈተች። ሐምዲያ ሃያ ጠብታ በማንኪያ ሰጠቻት። ቶሎ አልሻል ሲላት አስር ጨመረችላት። ሰዓት ሳይሞላ የአረጋሽ አፍ ወደ አንድ ወገን ተጣመመ፤ ቀኝ እጇም እንደ ሌላ ሰው እጅ ከጎኗ ወደቀ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ግፊቷን ለካና ደግሞ ለካ። "እጅግ ከፍ ብሏል። የወሰዱት መድኃኒት አለ?"

ብልቃጡ ሐምዲያ ቦርሳ ውስጥ ነበር። የአረጋሽ ልጅ ሰርካዲስ የሐምዲያን ክንድ ይዛ ታለቅሳለች። ሐምዲያ እውነቱ ቢወጣ ይህ ክንድ እንደሚለቀቅ፣ ሰፈሩም ምን እንደሚላት አሰበች።

"ምንም አልወሰደች" አለች።

ያን ቀን አመሻሽ መግሪብ ስትሰግድ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀው የቁርኣን መክፈቻ፣ ፋቲሓ፣ መሀሉ ላይ ጠፋባት። በማግስቱ ሄዳ ብልቃጡን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

"ትናንት ዋሽቼዎታለሁ።"

ሐኪሙ ብልቃጡን አገላብጦ አየ። "ትናንት ነበር መናገር።"

"ብናገር ትድን ነበር?"

"አላውቅም። እርስዎም አያውቁትም። ሰው ግፊቱ ሲወርድም ሲወጣም ሊያዞረው ይችላል፤ የሚለየው መለኪያው ነው። ምን እንደወሰዱ ባውቅ ግን እያወቅሁ አክማቸው ነበር።"

ለሰርካዲስም ነገረቻት። ልጅቱ አልጮኸችም፤ ወንበሯን ብቻ አራቀች።

እኛ ወሎዎች ድግሱንም ሐዘኑንም እንካፈላለን፤ ያምርብናል። መድኃኒት ግን ከድግስ አይቆጠርም። ለአንዷ የታዘዘው ሌላዋን ሊጥል ይችላል። "ጎረቤቴን ላድን ብዬ ነው" ማለትም አያዋጣም፤ ሐምዲያ ስትሰጥ ደግ ሴት ነበረች፣ ስትዋሽ ግን ያዳነችው ስሟን ነው። እንዲህ ያለ ስህተት የሠራችሁ ብትኖሩ፣ ሐኪም ሲጠይቃችሁ እዚያው ተናገሩ። እፍረቱ ይቆያችኋል፤ በሽተኛው ግን አይቆይም።

አረጋሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቷ ገባች። ሐምዲያ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት። አረጋሽ በግማሽ አፏ ቃሉን እየጎተተች፣

"መስጠቱንስ... እኔም ፈልጌ ነው የመጣሁት። ለሐኪሙ ለምን ደበቅሽው?" አለቻት።

"ስሜን ፈርቼ።"

አረጋሽ ውሃ ጠየቀች። ሐምዲያ ቀድታ ወደ አፏ ስታስጠጋላት፣ አረጋሽ ከዚህ በፊት አይታት በማታውቀው አስተያየት አየቻት።

"ውሃ ብቻ ነው?"

ሐምዲያ ብርጭቆውን መልሳ መጀመሪያ ራሷ ተጎነጨች፤ ከዚያ አጠጣቻት።