አምስተኛው እሳት

«ዘጠኝ ማማ፣ ዘጠኝ ጠባቂ፣ ዘጠኝ ጭቅጭቅ! ንግሥቴ ሆይ፣ ፍሞቹን ሁሉ ለእኔ ይስጡኝና አገሩ ይረፍ። የእኔን ዓይን አልፎ የሚሰርቅ ሌባ እናቱ ገና አልወለደችውም።»

ዛሪት ይህን ስትናገር ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ድምፅዋ የሰልቃንን ቤተ መንግሥት ጣሪያ ያንቀጠቅጣል። በመላው ሰልቃን እንደ እርሷ ያለ ድምፅ አልነበረም፤ እርሷም ይህን ለሰው ሳትነግር የዋለችበት ቀን የለም።

ንግሥቲቱም ሰማቻት። የዘጠኙ ማማ ነጭ ፍም ተለቅሞ በአንድ ሣጥን ተቆለፈ፤ ቁልፉም በዛሪት አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

ለካ ሌባውን እናቱ ወልዳዋለች። ስሙ ሹም ዘረጦ ነው። ዛሪት ለዘበኞቹ ጀግንነቷን ስትተርክላቸው፣ እሱ ሣጥኑን እንዳለ ተሸክሞት ሄደ። ቁልፉ እንኳ አንገቷ ላይ ቀረ።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ከሰልቃን ግድብ ጀርባ፣ ከሐይቁ በታች፣ ጉምዛ የሚባል አውሬ ተኝቷል። ጉምዛ ንጉሥ አያውቅም፣ ማኅተምም አያነብም። በዓመት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አንድ ዓይኑን ገልጦ ማማዎቹን ያያል፤ ከሚነዱት እሳቶች የሚበዛውንም ይታዘዛል። ነጩ ከበዛ ይተኛል። ቀዩ ከበዛ ግድቡን ሰብሮ ይነሳል፣ ለቀሰቀሰውም ይገዛል። ዘረጦ አራት ማማዎችን በጦር ይዞ ቀይ አነደደባቸው። የቀሩት አምስቱ ፍም የላቸውምና ጨለሙ። ለእሱ ይህ በቂ ነበር።

ያ ቀን ደርሶ በማለዳ የጉድጓድ ውኃ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከግድቡ ግርጌ ሸምበቆ ሜዳ የምትባል መንደር አለች፤ የዛሪት እናትና ታናናሾቿ የሚኖሩት እዚያ ነው።

«አምስቱንም እኔ ራሴ ሮጬ አነዳቸዋለሁ» አለች ዛሪት።

«አንዱን» አለች ንግሥቲቱ። «ለአራቱ ሰው ልኬአለሁ። ይድረሱ አይድረሱ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። የቁራ ጫፍን ማማ ያዢ።»

ሁለት ሰዎች አብረዋት ወጡ፤ እሾህ እንጨት በጀርባው የተሸከመው ጎንጤ፣ እና ቀኝ ዓይናቸው የጠፋው እመት ቀለሟ። አዲስ ፍም በሁለት መንገድ ብቻ ይወለዳልና፤ ወይ እንጨት ተሸክሞ በሚፈስ ላብ፣ ወይ በመያዣ። ሁለቱም አቀበቱን ሲወጡ ተከራከሩ።

«ላብ አይዋሽም» አለ ጎንጤ። «ከሸለቆው እስከ ጫፍ ያልተሸከመ ሰው እሳት ሊያነድ አይገባውም። ለውሸት ብሎ ማን ወገቡን ይቆርጣል?»

«ትከሻው የሰፋ ሁሉ ሊነግሥብን ነው በለኛ» አሉ እመት ቀለሟ። «መያዣ ይሻላል። የሚወደውን ያስያዘ ሰው ሲዋሽ ይጠነቀቃል።»

«ብዙ ያለው ብዙ ያስይዛላ፣ እመት። እኔ ምን አለኝ? ይቺ እንጨት።»

«ኧረ ተዉት!» አለች ዛሪት። «ይህ ሁሉ መከራ የመጣው አንድ የሚታመን ሰው ስለጠፋ ነው።»

ሁለቱም ቆመው አዩዋት።

«ነበረ እኮ» አለ ጎንጤ። «ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዛሪት ወደ ታች እያየች ወጣች። የሐይቁ ውኃ እንደ ተጣደ ድስት እየፈላ ነበር። በአራቱ ኮረብታዎች ላይ ቀዩ ይነዳል፤ ሌሎቹ እንደ ጨለሙ ናቸው። ከመልእክተኞቹ አንዱ ቢፈራስ? አንዱ በዘረጦ ገንዘብ ቢገዛስ? ስማቸውን እንኳ አታውቅም።

ጫፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር ምድር ተናወጠች። የሚሻገሩት የድንጋይ ድልድይ ሲሰነጠቅ ጎንጤ ወደቀ። እሱን በክንዱ ጎትተው አወጡት፤ እግሩ ተሰብሮ ነበር። እንጨቱ ግን ገደል ገባ።

«ሂዱ» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ፀሐይዋ አትጠብቅም።»

በማማው ላይ ቀዝቃዛ ምድጃ ቆሟል። ዛሪት ወደ እመት ቀለሟ ዞረች።

«እርስዎ ያስይዙ። ያውቁበታል።»

«ሰው ሁለት ጊዜ አያስይዝም። የእኔ ቀኝ ዓይን በተሰረቀው ፍም ውስጥ ነው።»

ዛሪት አቀረቀረች። ከዚያ ሰይፏን ወደ ምድጃው ጣለች፤ ምንም። የወርቅ ቀለበቷን ጣለች፤ ምንም። ቁልፉን ጣለች፤ ብረቱ ጮኸ እንጂ ብልጭታ አልወጣም።

«የያዝሽውን አልጠየቀሽም» አሉ እመት ቀለሟ። «የምትወጂውን ነው። ደግሞ ዕወቂ፤ መያዣውን የሚያነሳ እሳቱን ያጠፋል። እሳቱ እስከነደደ ድረስ አይመለስልሽም።»

ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነካች። ዛሪት የምትወደውን ታውቃለች። ጉሮሮዋን በእጇ ያዘች።

«በእናቴ ደጅና በታናናሾቼ እንቅልፍ እምላለሁ» አለች በመጨረሻ። «ቃሌ ነጭ ነው። ጉምዛ ይተኛ። ድምፄን አስይዣለሁ።»

የመጨረሻው ቃል ከአፏ ወጥቶ ምድጃው ውስጥ ገባ። ነጭ እሳት ተነሳ።

አራት ቀይ፣ አንድ ነጭ። ዛሪት ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ከሐይቁ መካከል ቢጫ ዓይን ተገለጠ። በምሥራቅ አንድ ነጭ ታየ። ቀጥሎ በደቡብ ሁለት። አራት ለአራት ሆነ። ግድቡ መሰንጠቅ ጀመረ፤ ሸምበቆ ሜዳ ላይ ውኃ ተረጨ። የሰሜኑ ማማ ጨለማ ነው። የፀሐይዋ ቅንድብ ብቻ ቀርቷል። ዛሪት መልኩን የማታውቀውን ያንን መልእክተኛ በልቧ ለመነችው።

የሰሜኑ ማማ ጭል አለ። ጠፋ። እንደገና ጭል አለና ነደደ።

ቢጫው ዓይን ዘጠኙንም ዞሮ አየ፤ ቀስ ብሎም ተከደነ። ውኃው ረጋ። የዘረጦ ሰዎች ቀዩን እሳት ጥለው ሲሸሹ ከሩቅ ታዩ።

እመት ቀለሟ ወደ ጎንጤ ወርደው የተሰበረውን እግር በመቀነታቸው ሲጠቀልሉ ዛሪት ደረሰች። አገጯን ቀና አደረገች። ወደ እሳቱ ጠቆመች፣ ወደ ተረፈችው መንደር ጠቆመች፣ ከዚያም ደረቷን መታ መታ አደረገች።

እመት ቀለሟ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ከአምስቱ አንዷ ነሽ» አሉ። «ነይ፣ እግሩን ያዢልኝ።»