የታካሚው ቃል

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ኢንስፔክተር ምህረቴ እንጅባራ ወዳለ አንድ የኪራይ ቤት ተጠራ። ቤቱ ነርሶች በአእምሮ ሕክምና ከፍተኛ ሥልጠና የሚወስዱበት ነበር። አሠልጣኟ ሲስተር ውብአየሁ ከትምህርት ክፍሉ ጀርባ ባለች ጠባብ መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ በጎኗ እንደተኛች ሞታ ተገኝታለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ወደ አገሯ ከተመለሰች ገና ዓመት አልሞላትም።

ጠረጴዛው ላይ ሻይ የቀረበት ብርጭቆ፣ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያና ቁራጭ ወረቀት ነበር። ምህረቴ ወረቀቱን ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«ደክሞኛል። የሚሰማኝ ሰው የለም። ከእንግዲህ ለማንም ሸክም አልሆንም።»

«ጽሕፈቱ የራሷ ነው» አለ አብሮት የመጣው ሐኪም። «ራሷን ያጠፋች ይመስላል።»

ምህረቴ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበ። የወረቀቱ ጫፍ ከላይም ከታችም በመቀስ ተቆርጧል። መሐሉ ላይ በአራት የታጠፈበት መስመር ቆሽሿል።

«ይህን ቃል ያነበብነው እኔና አንተ ነን። ከእኛ እንዳይወጣ» አለና ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከተተው።

ሐኪሙ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳ። «ታች ላይ ነጭ ዝቃጭ አለ። ክኒኑ ተፈጭቶ ነው የገባው።»

መደርደሪያው ላይ አምስት ብርጭቆዎች ተደፍተዋል። ምህረቴ ጣቱን በየተራ አሳረፈባቸው። አራቱ አቧራ ለብሰዋል፤ እንግዳ ካያቸው ብዙ ጊዜ ሆኗቸዋል። አምስተኛው ንጹሕ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ እናቷ ወይዘሮ እንቁ ከትውልድ መንደሯ ከጥርባ መጡ። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኢንስፔክተሩን በአዊኛ አነጋገሩት። እሱም በአዊኛ መለሰላቸው።

«ራሷን ካጠፋች ፍትሐት የላትም አሉኝ፣ ልጄ። ያለ ጸሎት ልቅበራት ነው?»

«አስከሬኑ ለምርመራ ባሕር ዳር ሄዶ ረቡዕ ይመለሳል። እስከዚያ ይታገሡኝ፣ እናቴ።»

ሠልጣኞቹ ሦስት ነበሩ። መጀመሪያ አስከሬኑን ያገኘችው የጫግኒዋ ነርስ ናርዶስ ገባች።

«ማን ይጠይቃት ነበር?» አላት።

«ማንም። ቅዳሜና እሁድ እኛ ወደየቤታችን ስንሄድ እሷ ትቀራለች። አንድ ጊዜ እኛ ቤት ነይ ብያት ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ እኔው ረሳሁት።» ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ምን ነበር የምታስተምራችሁ?»

«መስማት። ‹መርፌውንማ ታውቁታላችሁ› ትለናለች። የታካሚውን ቃል በእጇ ጽፋ ለአንዳችን ትሰጣለች። ያ ሰው ታካሚ ሆኖ ሲናገር ሌሎቻችን የሰማነውን በደብተራችን እንይዛለን።»

«ደብተሮቹ የት አሉ?»

«ዓርብ ሰብስባ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ቆልፋባቸዋለች።»

ቀጥሎ የዳንግላው አስማረ ገባ። ረጅምና አኩራፊ ነው።

«ከእሷ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ፈተና ላይ ጥላኝ ነበር። ልክ ነበረች፤ አላነበብኩም። እሁድ ዳንግላ የእህቴን ልጅ ክርስትና ሳስነሳ ውያለሁ፤ ቄሱን መጠየቅ ይችላሉ።»

«የተለየ ነገር አይተህባታል?»

አስማረ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። «ባለፈው ሐሙስ ሦስተኛው ጓደኛችን ደርበው የሚሠራበትን ጤና ጣቢያ ልታይ ሄዳ ነበር። ዓርብ ስታስተምር ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ምን ሆንሽ ያላት ግን የለም።»

መጨረሻ ላይ ደርበው ተቀመጠ። ከአዘና ወዲያ ካለች አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ የመጣ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ነው።

«እሁድ የት ነበርክ?»

«ቤቴ። ከዓርብ ወዲህ አላየኋትም። ብቸኛ ሰው ነበረች፣ ኢንስፔክተር። ብቸኝነት ክፉ ነው።»

«ለልምምድ ጽፋ የሰጠቻችሁን ወረቀት ሁላችሁንም እየጠየቅሁ ነው። ያንተስ?»

«ሻንጣዬ ውስጥ ነው፤ እቤቴ። ከዓርብ ጀምሮ ከዚያ አልወጣም» አለ ቶሎ ብሎ።

ምህረቴ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ደብተሮቹን አንድ በአንድ አነበበ። ማክሰኞ ደርበው ወደሚሠራበት ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ ካሳነሽ የምትባል ታካሚ ጥግ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሁለቱም እጆቿ ላይ የገመድ ጠባሳ አለ።

«እሷ እብድ ናት፤ ቃሏ አይያዝም» አለው ዘበኛው።

ምህረቴ አጠገቧ ቁጭ አለና በአዊኛ ሰላም አላት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማት።

ረቡዕ ጠዋት ሁሉም ትምህርት ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሦስቱ ሠልጣኞች ፊት ተቀመጡ፤ ሐኪሙና ወይዘሮ እንቁ ከኋላ። ምህረቴ ለእናቲቱ በአዊኛ እየደገመ ተናገረ።

«ሲስተር ውብአየሁ ራሷን አላጠፋችም። ሊሞት ክኒን የሚውጥ ሰው ክኒኑን አይፈጭም፤ የሚፈጨው ከሌላ ሰው ሊደብቀው የፈለገ ነው። ከአምስት ብርጭቆ አራቱ አቧራ ነበረባቸው። አንዱ በቅርብ ታጥቧል። ስለዚህ እሁድ እንግዳ መጥቶ አብሯት ሻይ ጠጥቷል፤ ሲሄድ የራሱን ብርጭቆ አጥቦ ደፍቶታል።»

ፖስታውን ከፈተ።

«እንግዳው ይህን ጠረጴዛው ላይ ትቷል። ጽሕፈቱ የእሷ ነው። ቃሉ ግን የማን ነው? ናርዶስ፣ የደብተርሽን የመጨረሻ ገጽ አንብቢልን። ዓርብ ታካሚ ሆኖ የተናገረው ማን ነበር?»

«ደርበው» አለች ናርዶስ። ደብተሩን ተቀብላ ማንበብ ጀመረች። «‹ስሜ ታከለ ነው፤ ስልሳ ዓመቴ ነው። ደክሞኛል። የሚሰማኝ ሰው የለም። ከእንግዲህ ለማንም ሸክም አልሆንም። በሬዬንም ሸጫለሁ…›» ቀና ብላ ደርበውን አየችው።

«አስማረም ቃል በቃል ይህንኑ ጽፏል» አለ ምህረቴ። «ከላይ የሽማግሌው ስም፣ ከታች በሬው ተቆርጠው ወጥተዋል። የቀረውን እንደ ኑዛዜ አነበብነው። ደርበው፣ ወረቀትህ ከዓርብ ጀምሮ ሻንጣዬ ውስጥ ነው አልከኝ። ታዲያ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ማን አስቀመጠው?»

ደርበው ከንፈሩን አራሰ። «ደግማ ጽፋው ይሆናል።»

«ደግማ ጽፋ በአራት አጥፋ፣ እጥፋቱ እስኪቆሽሽ ኪሷ ውስጥ አሽታ?»

ምህረቴ ወረቀቱን ወደ ፖስታው መለሰ።

«ምክንያቱን የነገረችኝ ካሳነሽ ናት። አበረ የሚባል ታካሚ ነበራችሁ። መዝገቡ ላይ ‹ሸሽቶ ሲሮጥ ወድቆ ሞተ› ብለህ ጽፈሃል። ካሳነሽ ግን ከጎኑ ነበረች። በደረቱ አስተኝተህ አልጋው ላይ አስረኸዋል፤ የሚያስተኛ መርፌ ደራርበህ ወግተህ ቀኑን ሙሉ ጥለኸው ሄደሃል። እሷ ይህን ዓመት ሙሉ ለሁሉም ስትናገር ነበር፤ አንተ አዊኛ አትሰማም፣ ሌላውም የእብድ ወሬ ነው አለ። ሐሙስ ዕለት ሲስተር ውብአየሁ አጠገቧ ተቀምጣ ሰማቻት።»

ደርበው እጆቹን አየ።

«ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለብቻዬ ጠራችኝ» አለ። «አልተቆጣችኝም። ‹ቤተሰቡ ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ፤ አንተው ንገራቸው፤ ከዚያ እጅህን ለሕግ ትሰጣለህ› አለችኝ። እሁድ የሄድኩት ልለምናት ነበር።»

«ለልመና የሚሄድ ሰው ክኒን ፈጭቶ አይሄድም።»

ደርበው እጆቹን በሩ ላይ ለቆሙት ፖሊሶች ዘረጋ። ፖሊሶቹ ሲያስነሱት አስማረ ፊቱን አዞረ።

ሐሙስ ዕለት ሲስተር ውብአየሁ ሙሉ ፍትሐት ተደርጎላት ጥርባ ተቀበረች። ከጫግኒ፣ ከዳንግላ፣ ስማቸውን ማንም ከማያውቀው ገጠሮች፣ በየጤና ጣቢያው እየዞረች የሰማቻቸው ታካሚዎች መጥተው ነበር። እርስ በርስ አይተዋወቁም። እያንዳንዱ ለየብቻው ቆሞ አለቀሰ። ናርዶስ ካሳነሽን ይዛ መጥታ ነበር፤ በማትሰማው ቋንቋ የምትላትን እያዳመጠች እጇን አልለቀቀችም።

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ እንቁ ምህረቴን ጠሩት።

«ሁልጊዜ ስትደውል ስለ እኔ ነበር የምትጠይቀኝ። ጉልበቴን፣ እንቅልፌን። እኔ አንቺስ ብያት አላውቅም፣ ልጄ። የተማረች ናት፣ ምን ይጎድላታል አልኩ። አንድ ሰው እንኳ ነበራት?»

ሊያጽናናቸው የሚችል ውሸት ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው።

«አልነበራትም፣ እናቴ» አለ።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። የፖሊስ መኪናው ሹፌር ሁለት ጊዜ ክላክስ ነፋለት። ምህረቴ በእጁ ሂድ አለውና ከአጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ስለ እሷ ይንገሩኝ» አላቸው። «ልጅ ሳለች ምን ትመስል ነበር?»