እሮብ እንቁላል አይጠበስም

ጉተማን የተዋወቅኩት ሊቀጣን ሲመጣ ነው። ከባኮ የመጣ አንድ መንገደኛ እሮብ ቀን እንቁላል ፍርፍር አዞ ስላጣ፣ «በሃይማኖቴ የተነሳ አላስተናግድም አሉኝ» ብሎ ንግድ ጽሕፈት ቤት ከሶን ነበር።

ምግብ ቤታችን አምቦ መናኸሪያው አጠገብ ነው። እናቴ ወርቅውሃ እሮብና ዓርብ እንኳን እንቁላል የቅቤ ሽታም አታስገባም። ጾም ነዋ!

የጽሕፈት ቤቱ ተቆጣጣሪ ጉተማ ደብተሩን ይዞ ገባ። ሳየው ደነገጥኩ፤ ቅጣቱን ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ዓይኑ ነው።

«ሰውየውን ከልክላችሁታል?»

«የከለከልነው እንቁላሉን ነው። እሱንማ ሽሮ ብላ ብለን ለምነነዋል» አልኩት።

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈ፦ «ባለቤቷ የምትሸጠውን ምግብ ትምረጥ፤ የሚበላውን ሰው ግን በሃይማኖቱ መምረጥ አትችልም።» እናቴ ፈረመች፤ ቅጂውንም ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። «ተባረክ ልጄ!» አለችው።

ከዚያ ወዲህ እሮብ እሮብ ምሳው እኛ ቤት ሆነ። ሽሮው ያልቃል፣ ወሬያችን አያልቅም። ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ!

እናቴ መዋደዳችንንም ጴንጤ መሆኑንም በአንድ ቀን ሰማች። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ላንተ እዚህ ቤት ምግብ የለም!»

«እሺ፣ እትዬ» ብሎ ዞረ። ሊከሳት ይችል ነበር፤ ደብተሩን አላወጣም። አንጀቴን በላው። ሽርጤን ፈታሁና የግድግዳውን ወረቀት ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

«እኔ የፈረምኩት ስለ ሽሮ ነው፤ ስለ ልጄ አይደለም!» አለች። ተመጋቢው ሁሉ ሳቀ።

«ስለ እኔ ማታ እንጣላለን እማዬ። አሁን ግን የራበው ሰው እየመለስሽ ነው። እሱ ከሄደ እኔም ሄድኩ!»

ፊርማዋን አየችው። ከዚያ አንገቷን ወደ ውጭ አውጥታ በኦሮምኛም በአማርኛም ተጣራች።

«ጉተማ! ኮቱ! ና ተመለስ፣ ሽሮው ሊቀዘቅዝ ነው!»

ማታ ተጣላን። በማግስቱም ተጣላን። ዓመት ሙሉ እየተጣላን እሮብ እሮብ ሽሮውን ራሷ ታቀርብለት ነበር። ሽማግሌ ይዞ የመጣ ቀን፣ «የልጅቷ እናት ምን ይላሉ?» ሲሏት ወደ እሱ ዞረች።

«እሮብ ቀን እንቁላል ጥበሺልኝ ልትላት ነው?»

«ኧረ ራሴ እጠብሳለሁ፣ እትዬ!»

«በሷ መጥበሻ?»

ጉተማ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ።

ለሠርጋችን ዘመድ ሁሉ ብርድ ልብስና ብርጭቆ አመጣ። እናቴ ግን ሁለት መጥበሻ ይዛ መጣች፤ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሱ።