ጥርስ ወይስ እጅ

ሚሬላ ከገደሉ አፋፍ ላይ የነበረውን፣ መንደሩ እያጨደ የሚያደርቀውን የተራራ ሻይ ቅጠል የጨረሱት የአጎት ራሚዝ ፍየሎች ናቸው ትላለች፤ «በዓይኔ አይቻለሁ» ባይ ናት። አጎት ራሚዝ ደግሞ ፍየሎቹ ያን ቀን ከወንዙ ማዶ እንደዋሉ ይምላሉ። «ፍየል በጥርሷ ትቀነጥባለች እንጂ ከነሥሩ አትነቅልም» ይላሉ። «ይሄ የሰው እጅ ነው።»

ከሰዓት በኋላ መንደሩ ነገሩን ለመዳኘት ወፍጮ ቤቱ ደጅ ይሰበሰባል። ሚሬላ ከታመነች የአጎት ራሚዝ ፍየሎች ከተራራው ይከለከላሉ፤ ሌላ ግጦሽ ደግሞ የላቸውም።

ቫልቦናን ቤት መቀመጥ አላስቻላትም። ጓደኛዋን ሚሬላን ልትጠራ ወደ እነሱ ቤት ሄደች፤ ደረጃውን ወጥታ የጣሪያውን ክፍል ስትከፍት የሻዩ ሽታ ተቀበላት። ቢጫ አበባው ሳይረግፍ በእቅፍ በእቅፍ ታስሮ፣ ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። እነቫልቦና ቤትም እንዲሁ ይሰቅላሉ፤ ግን በማጭድ ከላይ ከላዩ ታጭዶ ነው። እዚህ ግን በእያንዳንዱ እቅፍ አናት ሥርና ደረቅ አፈር አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ስትል ተከትላት የገባችውን ሚሬላን ጠየቀቻት።

«ሻይ ነዋ። አታውቂውም እንዴ?»

«ሥሩስ?»

ሚሬላ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «ማጭዱ ዶልዱሞ ነበር። የማዶ መንደር ልጆች ደግሞ ሊቀድሙን ነበር። ስትጎትቺው እኮ እሺ ብሎ ይመጣል።»

«ለከርሞስ ከምኑ ይበቅላል?»

«አሁን ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብኝ።» ሳቅ አለች፤ ወዲያው ተወችው። «ቫሊ፣ አባቴን ታውቂዋለሽ። ከሰማ ከተማ ሄጄ መማሬ ቀረ። አንቺም ብቻሽን ነው የምትሄጂው። ፍየሎቹን አብረን አየን በይልኝ፣ በቃ።»

ቫልቦና ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። ከተማውን ከሚሬላ ጋር እንጂ ብቻዋን አስባው አታውቅም። ባለፈው የበረዶ ወራት ግን ትንሽ ወንድሟን ሳል ሲያጣድፈው፣ ያን ሻይ በማር አፍልታችሁ ስጡት ብለው በረዶውን እየጣሱ ያመጡላቸው አጎት ራሚዝ ናቸው።

«ምን ትንቆራጠጫለሽ? ተናገሪ እንጂ» አለች ሚሬላ። «ጓደኛዬ ነሽ አይደለሽም?»

ከወፍጮ ቤቱ በኩል የሰዎች ድምፅ መሰማት ጀመረ። ቫልቦና በሩን ከፍታ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ነኝ» አለች። «ቀድመሽ ራስሽ ከተናገርሽ አባትሽ እስኪበርድለት ካጠገብሽ አልለይም። ዝም ካልሽ ግን እኔ እናገራለሁ።»