የጠፋው ልቅሶ

ጥቁሯ ሳጥን ከራስጌው አልነበረችም።

ትእዛዙ ፍራሹን ገለበጠ። ሻንጣውን ዘረገፈ። በሆዱ ተኝቶ ከአልጋው ሥር ፈለገ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ነው። ካሜራው ከነሌንሱ ጥግ ላይ ቆሟል። የተወሰደችው መዳፍ የምታህል ሃርድ ዲስክ ብቻ ናት።

ፊልሙ በሙሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። የካሜራው ካርዶች ለቀጣዩ ቀረጻ ተብለው ተጠርገዋል።

በባጃጅ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በረረ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሲያየው ፊቱ በራ።

«አንተ! ያ ሌባው አይደለህም እንዴ?»

«ተሰርቄ ነው የመጣሁት።»

«ሌባ ሲሰረቅ ገና ዛሬ አየሁ» አለና እየሳቀ አስገባው።

ትእዛዙ ከሰቆጣ የወጣው በልጅነቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተዋናይ ሆነ። አንድ ቀን እንኳ ሙሽራ አላደረጉትም። ሌባ ነው፣ ከዳተኛ ነው፣ ነፍሰ ገዳይ ነው። ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል። ሰው መንገድ ላይ ሲያየው ኪሱን ይይዛል። በሌሎች ፊልም መሞት ሲሰለቸው ዳይሬክተር ልሁን አለ፤ የመጀመሪያ ሥራውንም ባገሩ መሬት ሊሠራ መጣ። ይሄ ከከሸፈ ዳግመኛ የሚያምነው የለም።

ኢንስፔክተር ሠርካለም ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ሰው ሲያወራ አፉን ሳይሆን እጁን ነው የምታየው። እሱ ወዳረፈበት ፔንሲዮን አብራው መጣች።

«ከማን ጋር ተጣልተሃል?»

«ከብርሃን ጋር። ዋናው ተዋናይ ነው። ትናንት ጥዬ እሄዳለሁ አለኝ።»

«ለምን?»

«አንዱን ትዕይንት ደጋግሜ ስላሠራሁት።»

«አሁን የት ነው?»

«በጠዋቱ የወልድያ አውቶቡስ ሄዷል።»

መንገድ ላይ ላለ የፖሊስ ኬላ ስልክ ተደወለ። ብርሃን ከአውቶቡስ ወርዶ ተፈተሸ። ቦርሳው ውስጥ የተገኘው የፔንሲዮኑ ፎጣ ነው። ስልኩን ሲሰጡት ጮኸ።

«ትእዛዙ! ፎጣውን ወስጃለሁ! ፊልምህን ግን መርቀው ቢሰጡኝም አልወስደው!»

ሠርካለም ስልኩን ዘጋች። «ይሄ አልሰረቀም። የሰረቀ ሰው ይምላል እንጂ አይሳደብም።»

የፔንሲዮኑ ባለቤት ይታየሽ ተጠራች። መቀነቷን እያጠበቀች መጣች።

«ዛሬ ወደዚህ ክፍል እንግዳ ገብቷል?»

«እንግዳ? ማርያምን አልገባም።»

«ቁልፉን ለሰው ሰጥተሻል?»

«ለማንም!»

ሠርካለም ወንበሩን አየች። ተጣጥፎ የተቀመጠ ልብስ አለ።

«ይሄን ማን አጠፈው?»

ትእዛዙ ቀረበ። ጠዋት ሲወጣ ወንበሩ ባዶ ነበር። ገጠር ደሃና ላይ የፊልሙን የቀብር ትዕይንት ሲቀርጹ አልቃሿ እማማ ወለተ ሰንበት የለበሱት ጥቁር ቀሚስና ነጠላ ነው።

«እሱን እንኳ እማማ ወለተ ሰንበት ናቸው ያመጡት» አለች ይታየሽ። «ገበያ መጥተው፣ ልብሱን ራሴ ላስቀምጥለት አሉኝ። ከፈትኩላቸው።»

«እንግዳ አልገባም አላልሽም?»

«እሳቸው ምናቸው እንግዳ ነው? ገብሴን የምገዛው ከሳቸው አይደል!»

ትእዛዙ ትዕግሥቱ አለቀ። «ኢንስፔክተር፣ አንዲት ባልቴት ሃርድ ዲስክ ምን ያደርግላቸዋል? መኖሩንስ በምን ያውቃሉ?»

ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ራሱ ነበር ያሳያቸው። የቀረጻው ዕለት በደስታ ሰክሮ ሳጥኗን አውጥቶ፣ «ልቅሶዎ እዚህች ውስጥ ነው። ከእንግዲህ አይሞትም» ብሏቸዋል።

«ልቅሶውን ላየው» አለች ሠርካለም።

«ምስሉ ከዲስኩ ጋር ሄዷል።»

«ድምፁስ?»

ድምፅ የሚቀዳው ለብቻው ነው። የድምፅ ባለሙያው ዘመነ መቅጃውን ከክፍሉ አመጣ። ሠርካለም ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ልቅሶው ባካባቢው ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ነው። የትእዛዙ አባት ከሌላ አገር የመጣ ጸሐፊ ነበርና ልጁ ከገበያ ሰላምታ በቀር ቋንቋውን አያውቅም። የሚያውቀው ሲሰማው ጠጉሩ እንደቆመ ብቻ ነው።

ሠርካለም ማዳመጫውን አወረደች።

«በፊልሙ የሞተው ማን ይባላል?»

«የሻምበል።»

«እዚህ የሚለቀሰው ግን ምሳው የሚባል ሰው ነው።»

ይታየሽ አፏን ያዘች። «ልጃቸው ነው! ወደ ሳውዲ የወጣው። ወሬው ከተቋረጠ ቆይቷል።»

«በየሻምበል ስም ይጀምራሉ» አለች ሠርካለም። «ከዚያ የልጃቸው ስም ያመልጣቸዋል። ደንግጠው ዝም ይላሉ። ቀጥሎ የአንተ ድምፅ ይሰማል።»

«ምን እላለሁ?»

«በጣም ጥሩ ነው፣ ይድገሙት ትላለህ።»



በማግስቱ ወደ ደሃና ሄዱ፤ ዘመነም መቅጃውን ይዞ ተከተለ። መኪናው መንገዱ ሲያልቅበት ቆመ፤ የቀረውን በእግር ወጡ። ትእዛዙ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ዞሮ ያያል። ዲስኩ ተቀጥቅጦ፣ ገደል ተጥሎ ይታየዋል።

እማማ ወለተ ሰንበት ደጃፋቸው ላይ ገብስ ያበጥራሉ። የፖሊስ ልብስ ሲያዩ አልሸሹም።

«እማማ፣ ዕቃውን ለምን ወሰዱት?» አለች ሠርካለም።

«ለምኜው ነበር። እንቢ አለኝ።»

«እኔን?» አለ ትእዛዙ። «መቼ ለመኑኝ?»

«ስሙን አውጣልኝ አላልኩህም? ምን ነበር ያልከኝ?»

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ካሜራው ሲሰበሰብ እጁን ይዘው «ስሙን አውጣልኝ» ብለውታል። ስማቸው ፊልሙ ላይ እንዲጻፍላቸው የፈለጉ መስሎት፣ «ይወጣል እማማ! መጨረሻ ላይ በትልቁ ይወጣል፤ አገር ሁሉ ያየዋል» ነበር ያላቸው።

«የልጄን ስም ከውስጧ አውጣልኝ ማለቴ ነበር። በቁሙ አለቀስኩት» አሉ። «አፌ ነው የከዳኝ። አንተ ደግሞ አገር ሁሉ ያልቅሰው አልክ። አገር ያለቀሰለት ሰው በየት በኩል አገሩ ይገባል?»

ተነሡ። ከጎታው ገብስ ውስጥ ክንዳቸውን ከትተው ሳጥኗን አወጡ። በጨርቅ ተጠቅልላለች። ጭረት የለባትም።

«ለምን አልሰበሯትም?» አለ ትእዛዙ።

«ልጄ ውስጧ አይደል? በየትኛው አንጀቴ?»

ሠርካለም ወደ ትእዛዙ ዞረች። «ዕቃህ ይኸው። የወሰዱትም አምነዋል። ክሱን መቀጠልም መተውም የአንተ ነው።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይዞት የመጣውን ላፕቶፕ ከፍቶ ሳጥኗን ሰካ። የእማማ የልቅሶ ምስል መጣ። በተዋናይነት ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ያለ ፊት አላየም። ፊልሙ የቆመው በዚህ ፊት ላይ ነው። ሌላ ቦታ ቢደብቀው ባልቴቷ አያውቁም። ሠርካለም እጁን እያየች ነው።

የልቅሶውን ምስል ሁሉ መርጦ አጠፋ። ዘመነንም በዓይኑ አዘዘው። ዘመነ ድምፁን ከመቅጃው ሠረዘ።

«ክስ የለኝም» አለ ትእዛዙ።

እማማ ጎንበስ ብለው የላፕቶፑን ባዶ መስኮት አዩ።

«የት ሄደ?»

«ጠፋ፣ እማማ።»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ልጄን ጠፋ አትበለኝ!»

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ተመለሰ በል።»

«ተመለሰ» አለ ቶሎ።

«እንደዚያ አይደለም። ከልብህ በል።»

ትእዛዙ ላፕቶፑን ዘጋ። ከድንጋዩ ተነሥቶ ቆመ።

«ምሳው ተመለሰ።»

«አሜን» አሉ እማማ። ሰፌዳቸውንም አነሡ።