«ደህና ነኝ በያት»

ፀዳል የሕፃኗን ልቅሶ የሰማችው ገና ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሳለች ነው። እርምጃዋን አፍጥና ቤት ስትገባ እናቷን አሰገደችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሕፃኗ ጥበብ አጠገቧ ተኝታ ፊቷ በርበሬ እስኪመስል ታለቅሳለች። የሦስት ዓመቱ ወንድሟ አምሀ ደግሞ ወለሉ ላይ የዱቄት ወተት ጣሳ ከፍቶ በእጁ እየዛቀ ይልሳል።

«እማዬ፣ አትሰሚያትም?»

«እሰማታለሁ» አለች አሰገደች። አልተነሳችም።

ፀዳልን ያስፈራት ይኸው ነበር። እናቷ እንቅልፍ ጥሏት ቢሆን ባልደነገጠች። ግን ነቅታለች፤ ትሰማለች፤ እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ማንሳት ብቻ ነው ያቃታት። ፀዳል ደብተሯን ጥላ እህቷን አቀፈች፤ ጡጦ አዘጋጀች፤ የአምሀን እጅና አፍ አጠበች። አሰገደች ሁሉንም ከተቀመጠችበት ሳትነቃነቅ አየች።

አሰገደች እንዲህ አልነበረችም። ከአገር ቤት ርቀው በሚኖሩበት የወደብ ከተማ፣ በካርቲዬ ካትር ሰፈር ከእሷ በላይ ተጫዋች ሴት አይገኝም ይባል ነበር። ፈረንሳይኛ ባትችልም ከሱማልኛም ከዓረብኛም ቃል እየለቀመች ቡላኦስ ገበያ ላይ ስትከራከር፣ ነጋዴዎቹ ስቀው ዋጋ ይቀንሱላት ነበር። ጥበብ ከተወለደች ወዲህ ግን ድምፅዋ ቀስ በቀስ ጠፋ። መጀመሪያ የአራስ ድካም ነው ተባለ። ቀጥሎ ሙቀቱ ነው ተባለ። ሕፃኗ ክርስትና ስትነሳ እንኳ የጎረቤት ሴቶች እልል ሲሉ እሷ እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አላለም፤ እሷም በር መክፈት ተወች።

የፀዳል አባት ጌቾ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከወደቡ ጭኖ ሞጆ ያደርሳል፤ ቤት የሚያድረው በጭነትና በጭነት መሃል ነው። ሲደውል ስልኩን የምታነሳው ፀዳል ናት። እናቷ አጥብቃ አስጠንቅቃታለች።

«ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ሐሳብ ይዞት መሪ የጨበጠ ሰው ገደል ነው የሚገባው።»

ፀዳል ድንበሩን የሚያሻግረውን የጋላፊን መንገድ ታውቀዋለች። ከአባቷ ጋር አገር ቤት ስትሄድ ጎማቸውን ወደ ሰማይ አንጋጠው የቀሩ መኪኖች አይታለች። ስለዚህ ጌቾ ከሚሌም ከአዋሽም ሲደውል ሁሉም ሰላም ነው ትለዋለች፤ እማዬ ተኝታለች፤ እማዬ ልብስ እያጠበች ነው።

ውሸቱ እዚያ ላይ አላበቃም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት መሄድ አቆመች። የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ቀርቦ ስለነበር መምህሯ ምን እንደሆነች ጠየቋት፤ ትኩሳት ነው አለቻቸው። አብራት የምትቀመጠው አይናለም ደግሞ «አንቺም ከክፍል መፎረፍ ጀመርሽ? እኛን ሳትጠሪ?» ብላ ቀለደችባት። ፀዳል አብራ ሳቀች። መሳቁ ከማስረዳት ይቀላል።

ከዚያ አንድ ቀን ወደ ቤት ስትመለስ አምሀ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ጥበብ ተኝታለች፤ አሰገደች ግድግዳውን ታያለች። የት ሄደ ብትላት «እዚሁ ነበር» አለቻት፤ ዘወር ብላ እንኳ አልፈለገችውም። ፀዳል እየሮጠች ስትወጣ ጎረቤታቸው ኻሊዳ የአምሀን እጅ ይዘው ሲመጡ ተገናኙ። ልጁ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ድረስ ሄዶ ኖሮ፣ ኻሊዳ ወደ ኋላ ከሚመለስ መኪና ሥር ጎትተው ነው ያወጡት።

ኻሊዳ ድሬዳዋ ያደጉ ሱማሌ ናቸው፤ አማርኛው እንደ ውሃ ይፈስላቸዋል። ልብስ እየሰፉ አራት ልጆች አሳድገዋል። ወደ ቤቱ ገብተው አሰገደችን አዩ፤ አልተቆጧትም። ግንባሯን ዳሰሱና ፀዳልን ይዘው ወደ ደጅ ወጡ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

ፀዳል እንደለመደችው ደህና ናት ልትል አፏን ከፈተች። በአምሀ ጉልበት ላይ የአስፋልቱን አቧራ ስታይ ግን ቃሉ እምቢ አላት። ሁሉንም ነገረቻቸው።

ኻሊዳ ሰምተው ሲያበቁ የራሳቸውን አወሩላት። ሁለተኛ ልጃቸውን ሲወልዱ እሳቸውም እንዲህ ሆነው ነበር። እናታቸው ጂን ነው ብለው ቁርአን አስነበቡላቸው፤ ልባቸው ትንሽ አረፈ እንጂ ከአልጋ አልተነሱም። የኋላ ኋላ አንዲት አዋላጅ በሽታ መሆኑን ነግራ ወደ ሐኪም ላከቻቸው።

«ጸሎቱ ይቅር አልልም» አሉ። «ሐኪምም አለ ነው የምለው። አንቺ ግን ሐኪም አይደለሽም፣ ልጅ ነሽ። የጥበብ ክትባት ነገ ነው አይደል? እናትሽ ለራሷ አትሄድም፤ ለሕፃኗ ስትዪያት ትሄዳለች። አምሀን እኔ እይዘዋለሁ።»

እንዳሉትም ሆነ። በማግስቱ አሰገደች ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሳትናገር፣ ጤና ጣቢያው ድረስ ከፀዳል ኋላ ሄደች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ጥበብን መዘኑ፤ መርፌውን ወጓት፤ ክብደቷ ጥሩ ነው አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አሰገደችን ለአፍታ ተመለከቱና ለፀዳል በፈረንሳይኛ ጠየቋት፤ እናትሽስ፣ እሷ ራሷ እንዴት ናት?

ፀዳል ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰችላት።

«ደህና ነኝ በያት» አለች አሰገደች።

«ሳ ቫ»፣ ደህና ናት፣ ማለት ብቻ ነው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሌላም መንገድ ታያት፤ ጓዳቸውን ሁሉ በፈረንሳይኛ ብትዘረግፈው እናቷ አንዲት ቃል አትሰማም። እዚያው ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ከጀርባዋ ማማት ሊሆን ነው። ፀዳል አንዱንም አልፈለገችውም። ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ ይኼን አልተረጉመውም።»

አሰገደች ቀና አለች።

«ሌላ ንገሪኝ። ያልሽውን ብቻ ነው የምላት፣ ከራሴ አልጨምርም። ይኼን ግን አልልም።»

አዋላጇ ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ቢሆንም አላቋረጡም። አሰገደች የነጠላዋን ጥለት ስታፍተለትል ቆየች።

«ስታለቅስ እሰማታለሁ በያት» አለች መጨረሻ ላይ። «የሌላ ሰው ልጅ ነው የምትመስለኝ በያት። እንቅልፍ የለኝም። ምግቡም አፈር አፈር ይለኛል።» ፀዳል ተከትላ ተረጎመች። «አንዳንዴ ደግሞ እኔ ባልኖር ይሻላቸው ነበር እላለሁ። ይኼን ተይው።» የነጠላዋን ጥለት ለቀቀች። «አይ፣ በያት።»

ፀዳል ተናገረችው። አንድ ቃል አልዘለለችም።

አዋላጇ ወንበራቸውን ስበው አሰገደች አጠገብ ተቀመጡ። ይህ የሚታወቅ በሽታ ነው፣ ብዙ እናቶችን ይይዛል፣ ይድናል፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም አሉ። ፀዳል ይህንንም ተረጎመች። ቀጥለው ግን ፀዳልን እዚህ ላይ ይበቃሻል አሏት። ይህን ወሬ ልጅ መሸከም የለባትም፤ አሰገደችም ሐኪም ሳያያት ብቻዋን ወደ ቤት አትመለስም። የምታምኑት አዋቂ ሰው ማን አለ? ፀዳል ለኻሊዳ ደወለች። አምሀን አዝለው ወዲያው በታክሲ ከተፍ አሉ። የቀረውን አዋላጇ በሱማልኛ ሲናገሩ እሳቸው ወደ አማርኛ እየመለሱ ጨረሱት፤ ሐኪምም አሰገደችን አይቶ መድኃኒት አዘዘላት።

ማታውኑ ጌቾ ሲደውል ስልኩን የተቀበለችው አሰገደች ናት። መኪናውን አቁሞ እንደሆነ አስቀድማ ጠየቀችው፤ ከዚያ ነገረችው። ጌቾ መኪናውን ለረዳቱ ትቶ መጣና ለተወሰነ ጊዜ ቤት ሰነበተ። ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም ብሎ አልጮኸም፤ ጡጦ ማጠብ ተማረ፣ በደንብ ግን አልቻለበትም።

መድኃኒቱ እንደ ራስ ምታት ክኒን ወዲያው የሚሠራ አልነበረም። መጀመሪያ አካባቢ ምንም ለውጥ አልመጣም፤ አሰገደች አንዴ ልትተወው ብላ ኻሊዳ ናቸው የመለሷት። አንዳንድ ቀን አሁንም ከአልጋ አትወርድም ነበር። አንድ ጠዋት ግን እናቷ ሽንኩርት ሻጯን ስትከራከር ፀዳል ከጓዳ ሆና ሰማች፤ እጇ ላይ ያለውን ሳታስቀምጥ ቆማ አዳመጠቻት።

የዚያኑ ሰሞን ወደ ሐኪሙ አብረው ሄዱ። አሰገደችና ኻሊዳ ገቡ። ፀዳል ጥበብን አቅፋ፣ አምሀን ከጎኗ አድርጋ፣ በሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በሩ ገጥሞ አልተዘጋም። የእናቷ ድምፅ ዝግ ብሎ ይሰማል፤ ከመሃል የራሷን ስም ሰማች። ጆሮዋ ቆመ። እስካሁን በቤታቸው ውስጥ እሷ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

ጥበብን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ተነሣች፤ የአምሀን እጅ ያዘች።

«ወዴት ነው?» አለ አምሀ።

«እዚያ ዛፉ ሥር። ጥላ አለ» አለችውና፣ ድምፅ ከማይደርስበት ከግቢው ማዶ ሄደው ተቀመጡ።