ከቀዩ አፈር ሥር

ቃልኪዳን ለመጸዳጃ ቤት በተጀመረው ጉድጓድ ውስጥ ቆማ አንዴ የጂኦግራፊ መጽሐፉን፣ አንዴ የጉድጓዱን ግድግዳ ታያለች። አይገጥሙም።

መጽሐፉ ላይ ጥቁሩ አፈር ከላይ ነው፤ ቀጥሎ ቀላ ያለው፣ ከሥር አፈሩ የተገኘበት ወላጅ አለት። ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ያለው የአዲሱ ቤታቸው ጓሮ ግን የተገለበጠ ይመስላል። ከላይ ጠጠር የበዛበት ቀይ አፈር፣ ከወገቧ በታች ደግሞ ድንገት የሚጀምር ጥቁር የዋልካ አፈር።

«አታካብጂ፤ እኔ ሥዬዋለሁ» አለች ከጉድጓዱ አፋፍ የቆመችው ትንቢት። የጂኦግራፊውን ሥራ አብረው እንዲሠሩ የተመደበችላት የክፍል ጓደኛዋ ናት። ደብተሯን ገልጣ አሳየቻት። ከመጽሐፉ የተቀዳ ቆንጆ ሥዕል ነው። ከሥሩ «ጉድጓድ ገብተን ያየነው» ይላል፤ የሁለቱም ስም አለበት።

«እኛ እኮ ይህን አላየንም።»

«ቲቸር መጥቶ አይቆፍር! ነገ ነው የሚሰበሰበው።»

በዚህ መሀል ጎረቤታቸው አቶ አዘዘ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቃልኪዳን ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ይኼ አፈር ለምን ተገለበጠ?»

ከጥቁሩ አንድ ጓል አቀበለቻቸው። ሽማግሌው በጣታቸው አሹት።

«ይኸማ እርሻዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አረስሁት። ቤት ሊሠራ ሲል፣ ዋልካ ግድግዳ ይሰነጥቃል ብለው በገልባጭ መኪና ቀይ አፈር ደፉበት።» ጓሉን በመዳፋቸው አገላበጡት። «ዳግም በዓይኔ አየዋለሁ ብዬ አላሰብሁም ነበር።»

ጓሉን እንደያዙ ሄዱ።

ቃልኪዳን የባሰ ግራ ገባት። አፈርን የሚሠሩት አለት፣ የአየር ንብረት፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች፣ የመሬት አቀማመጥና ጊዜ ናቸው ይላል መጽሐፉ። ገልባጭ መኪናው ከየትኛው ይመደባል? የላይኛው አፈር የሚባለውስ የቱ ነው? አሁን ላይ ያለው ወይስ ድሮ ላይ የነበረው?

«እንዲህ ብለን አቅርበን ቲቸር ተሳስታችኋል ቢለንስ?» አለች ትንቢት። ድምፅዋ አሁን ቀልድ አልነበረበትም።



ቃልኪዳን ባዶ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ያየችውን መሣል ጀመረች። ጥቁሩ ጎን «የአቶ አዘዘ እርሻ» ብላ ጻፈች። ቀዩ ጎን ምን እንደምትጽፍ ስላላወቀች የጥያቄ ምልክት አደረገች። ከሥር የራሷን ስም ብቻ አስፍራ፣ አጠገቡ ክፍት ቦታ ተወችና እርሳሱን ወደ ላይ፣ ለትንቢት ዘረጋችላት።